ሽታዬ እልል ያላለችበት ቀን

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ላጫውታችሁ። በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ናዝሬት። ሽታዬ የሰባት ዓመት ልጇን ሎሚን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፊት ለፊት ጥብቅ አድርጋ ይዛታለች። ልጅቷ ትጮኻለች። እስካሁን አፏን አልፈታችም፤ የሰው ዓይንም አታይም።

እንዲህ ያዘዘው የሰፈራችን ልጅ አስፋው ነው፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣው።

"እትዬ ሽታዬ፣ የእናት ፍቅር ጎድሏት ነው። ዓይንሽን እስክታይ ያዣት። ብትጮህም እንዳትለቂ" አላት።

ሽታዬ አንዴ "እማዬ" ስትላት ለመስማት የማትሆነው አልነበረም። ጠበል አድርሳታለች፣ ተስላለች። ልጅቷን ይዛ ጉልበቷ ሲያልቅ ጎረቤት ተጠራ። የኛ ሰፈር ሴቶች ለሰርግ ሽንኩርት ለመክተፍ እንደሚጠራሩት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ። በላይነሽ የልጅቷን እግር ያዘች፣ ሳፊያ እጇን።

"አጥብቂያት! እልኸኛ ናት!" አለች በላይነሽ።

"ወላሂ ከጋሪ ፈረስ ትብሳለች!" ሳፊያ ሳቀች።

አስፋው ከወንበሩ ሳይነሳ "በርቱ፣ ልትደክም ነው" ይላል።

እውነትም ደከመች። ጩኸቷ ቆመ። ቀና ብላ እናቷን አየች።

"ይኸው አየችሽ! አላልኩሽም?"

ሴቶቹ እልል አሉ። ሽታዬ ግን አብራ እልል አላለችም። ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ለእርድ የተጣለ በግ ነው እንደዚያ የሚያየው። ልጅቷ ሽንቷን ለቃ የእናቷን ቀሚስ አርሳዋለች።

"ልቀቋት።"

"እንዴ!" አለ አስፋው። "አሁን ከለቀቅሻት ዕድሜ ልኳን አፍ አትፈታም። እኔንም ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ።"

"አልጠራህም ወንድሜ። እሷም እማዬ ሳትለኝ ትቅር። እግዜር ሲሰጠኝ በጉልበትሽ ተወደጂ አላለኝም።"

መጀመሪያ ከልጅቷ ላይ እጇን ያነሳችው ሳፊያ ናት። "እውነትሽን ነው እህቴ፣ አፉ በይኝ።"

ሎሚ ተፈትልካ አልጋ ስር ገባች። በላይነሽ ልታወጣት ስታጎነብስ ሽታዬ ክንዷን ያዘቻት።

"ተያት። ስትፈልግ ትወጣለች።"

ከዚያ ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ እንዳትፈራ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አስፋው እያጉረመረመ ሲወጣም ንቅንቅ አላለችም።

የእሷ ጎረቤት ነበርኩ ስል ዛሬም ደረቴን ነፍቼ ነው። እናንተም አደራ፣ ዓይኑን የሚያሸሽ ልጅ ካጋጠማችሁ አገጩን ይዛችሁ አታቅኑት።