የማሳጠሪያው ማሟያ

ጓደኞቹ «አንቀጽ» ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ መጀመሪያ ሲጠሩት ግን ወዲያው «አቤት» አለ፣ እንደሚገባው እሱም ያውቃልና። ሥራው የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሐኪሞች ከታካሚ አፍ ልክ ወስደው ይልኩለታል፣ እሱ ጂፕሰም ያፈስበትና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከጥርስ ጋር ነው። ጥርሱ ግን አፍ የለውም፣ አፍ ስለሌለውም አያወራውም። አንድ ጊዜ ሚስቱ፣ ቀኑን ሙሉ ጥርስ ሲያይ ውሎ አንድ ፈገግታ ሳያይ የሚመለስ ሰው ካንተ ሌላ የለም አለችው። እሱም ሳቀ፤ እውነት ስለነበር ግን ብዙ አልሳቀም።

ቅጽል ስሙን ያመጣበት ሥራው ሳይሆን ጨዋታው ነው። «ሰባት በር» የሚባል ጨዋታ አለው፣ ራሱ የፈጠረው። ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ ሌባ፣ አንዱ ፈረሰኛ፣ አንዱ ፈዋሽ ይሆኑና ሰባት አስማተኛ በሮችን ፍለጋ በሌለ አገር ይጓዛሉ። እሱ ጨዋታ መሪ ነው፤ አገሩንም፣ ዝናቡንም፣ ጭራቁንም የሚነግራቸው እሱ ነው፣ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ደግሞ ዳይስ፣ ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ይጥሉበታል። በመጀመሪያ ደንቡ አንድ ቀጭን ጥራዝ ነበር፣ ሁሉም በአንድ ቁጭታ አንብበው ወደውት ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ሾፌሩ፣ «ለመሆኑ በዝናብ ጊዜ ቀስት ይወጠራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አፉን ቢይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አንቀጽ መልሱን አላወቀም፣ አለማወቁም እንቅልፍ ነሳው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ አየር ጠባይ የሚያትት ማሟያ ጥራዝ ይዞ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው። ስለ ቁስል ማሟያ ጻፈ፤ ቁስል ካለ ማመርቀዝ አይቀርምና ለማሟያው ማሟያ ጻፈለት። ስለ መንገድ ጻፈ፣ ስለ ጫማ ማለቅ ጻፈ፣ ስለ ጭነት ከብት መኖና አቅም ጻፈ። ሁሉንም በክር እየጠረዘ ደረደረው፤ መደርደሪያው ሲጎብጥ ሚስቱ ከሥሩ ጡብ አስገባችበት። ለጨዋታው የሚሆኑትን ትንንሽ ምስሎችም ከሥራ በተረፈ ጂፕሰም የሚሠራው እሱው ነው። ችግሩ እጁ የለመደው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። የሠራው ዘንዶ በክንፉ ዶሮ ይመስላል፣ በጅራቱ ካሮት፤ ጥርሱ ግን እንከን የማይወጣለት የሰው ጥርስ ነው፣ መንጋጋው እንኳ አልጎደለም። አንቀጽ ራሱ ባየው ቁጥር፣ እንዲህ ያለ ዘንዶ ሰው ከሚበላ ይልቅ ፎቶግራፍ ቢነሣ ይሻለው ነበር ይላል።

ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። አንዷ ሚስቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ በጨዋታው ግን ሌባ። ሾፌሩ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ በጨዋታው ፈረሰኛ ነው። ሦስተኛዋ በታችኛው ፎቅ የምትኖር ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ ቁስል ስታጥብ ውላ በጨዋታውም ፈዋሽ የሆነችው፣ ሌላ ነገር ለመማር ጉልበት የለኝም ብላ ነው።

እነዚህ ሰዎች እንግዲህ አንድ ወንዝ ዳር ከቆሙ ወራት አልፈዋል። ለመሻገር የውሃው ፍጥነት ከአየር ጠባዩ ማሟያ ይወጣል፣ የጓዙ ክብደት ከመኖው ማሟያ፣ የድንጋዩ ማዳለጥ ከጫማው። ሁሉ ተደምሮ እስኪያበቃ ይመሻል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ በጨዋታው አገር ዝናብ ይጥልና ሒሳቡ እንደ አዲስ ይጀመራል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው። ሰባቱ በሮች ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱንም ያየ የለም፤ እውነቱን ለመናገር አንቀጽም ስለ በሮቹ ገና አንድ መስመር አልጻፈም።

ባለፈው ቅዳሜ ሾፌሩ ኮቱን ለብሶ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሲያወራም የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ስለሚጮህ ነው እንጂ ልቡ ገር ነው። ያለው የዕረፍት ቀን ቅዳሜ ብቻ መሆኑን፣ እሱንም ወንዝ ዳር ቆሞ ሲደምር መዋል እንደሰለቸው ለአንቀጽ ነገረው። ነርሷም ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካልተሻገርን በቃ፣ የመጨረሻችን ይሁን ተባባሉ።

አንቀጽ ፈራ። የፈራው ለጨዋታው አልነበረም። ጨዋታው ከቀረ ሰዎቹ ወደ እሱ የሚመጡበት ምክንያት አብሮ ይቀራል። ወሬ አያውቅበትም፤ ሰው ቤት ሄዶ ስለ አየሩ ሁለት ቃል ከተናገረ የሚለው ያልቅበታል፣ ያውም ስለ አየር ጠባይ አንድ ጥራዝ የጻፈ ሰው። ማንም አጠገቡ የሚቀመጠው ደንብ ሊጠይቀው ብቻ እንደሆነ ካመነ ቆይቷል። ደንቡን እንዲያ ያበዛውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ጠያቂ እንዳያጣ።

ስለዚህ ሊያሳጥር ቆረጠ። ጤነኛ ሰው ማሳጠር ሲፈልግ ይቀንሳል። አንቀጽ ግን ስለ ማሳጠር ማሟያ ጻፈ፣ ከመጀመሪያው ጥራዝም በለጠ። እንደ አዲሱ ደንብ በየጨዋታው መጀመሪያ ዳይስ ተጥሎ የሚዘለለው ነገር በዕጣ ይለያል። ለዚህም መቶ መስመር ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ በየመስመሩ አንድ የሚዘለል ነገር ጻፈ፣ ዝናቡን፣ የጫማውን ማለቅ፣ የበቅሎዋን መኖ። ሊጨርስ ሲል የመጨረሻዋ መስመር ባዶ ቀረችበት። ባዶ መስመር ትቶ መተኛት የማይችል ፍጡር ነው። ከደንብ በላይ የሆነ ማንም ሊኖር አይገባም ብሎ አሰበና «ጨዋታ መሪው» ብሎ ሞላት። ከሥሩም፣ የወጣው ዕጣ የጸና ነው፣ ይግባኝ የለውም ብሎ አሰፈረ። በራሱ ፍትሐዊነት ኮርቶ ተኛ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛቸው ከማጠፊያው የተነቀለ አሮጌ በር ነው፣ በሁለት የእንጨት እግሮች ላይ የተጋደመ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ጨዋታቸው ያሳያቸው በር ቢኖር እሱ ነው። ሾፌሩ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። አንቀጽ አዲሱን ጥራዝ ሲያስቀምጠው ጠረጴዛው ተናግቶ ዘንዶው በጥርሱ ተደፋ። ለማሳጠር ነው የጻፍኩት ብሎ ሲያስረዳ ነርሷ ውፍረቱን አይታ ሻዩ ትን አላት። ሚስቱ ግንባሯን ያዘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። እሱም ፊታቸውን ሲያይ ገባው፤ ሊሄድ የተነሣን እንግዳ ለማስቀረት መጽሐፍ የሚያሸክም ሞኝ ከኔ በቀር የት ይገኛል ብሎ ራሱን ታዘበ።

ሚስቱ፣ አዝናለት ይሁን ነገሩን ለመገላገል፣ ሁለቱን ባለ አሥር ፊት ዳይሶች አንሥታ ጣለች። አንዱ ዜሮ ላይ ቆመ። ሌላው ተንከባልሎ ከሻይ ብርጭቆ ጋር ተጋጨና እሱም ዜሮ ላይ ቆመ። በእነሱ ጨዋታ ሁለት ዜሮ መቶ ማለት ነው። ሾፌሩ ጣቱን በሠንጠረዡ ላይ ቁልቁል እየነዳ መጨረሻው ላይ ደረሰ። አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ ኮቱን አወለቀ።

«ጨዋታ መሪው ይዘለላል ነው የሚለው» አለ። «ይግባኝም የለውም ይላል። የማን ጽሑፍ ነው ይሄ?»

አንቀጽ አፉን ከፈተ። ዳይሱ ብርጭቆ ነክቷልና እንደገና ይጣል ሊል ነበር፤ ዕቃ የነካ ዳይስ እንደወደቀ ይጸናል ብሎ የጻፈው ግን ራሱ ነው። በገዛ ጉድጓዱ ገባ፤ ጉድጓዱንም አሳምሮ ስለቆፈረው መውጫ አልነበረውም። ተነሥቶ ወንበሩን ለሚስቱ ለቀቀ፤ እሷ ደግሞ አብራው እየኖረች ከማሟያዎቹ አንዱንም ከፍታ አታውቅም። መደርደሪያው አጠገብ ሄዶ ቆመ፣ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ያለ እኔ ሊሻገሩ ነው፣ ያለ እኔም ደስ ሊላቸው ነው ብሎ አሰበ። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው ቢሄዱ ይሻለው ነበር።

ሚስቱ ጨዋታውን የመራችው ጨርቅ እንደምትቆርጠው ነው፣ በዓይኗ ለክታ። የራሷን ሌባ ደክሟት ዛፍ ሥር ተኝታለች ብላ ገላገለቻት። ወንዙ ሞልቷል አለች፣ ስንት ክንድ እንደሞላ የጠየቃት የለም። ሾፌሩ በአገጩ ወደ አንቀጽ እያመለከተ፣ እሱስ ቆሞ ሊያየን ነው ወይ አለ። የሚሰጠው ገጸ ባሕርይ ጠፋ፤ ነርሷ ግን በቅሎዋን አስታወሰች። ጓዛቸውን የምትሸከም አንዲት በቅሎ አለች፤ ስለ መኖዋ ያን ሁሉ ገጽ ተጽፎ ስለ እሷ ስለ ራሷ አንድ ቀን የተነሣ ነገር የለም። ሾፌሩ ወንበር ሳበለትና አንቀጽ በቅሎ ሆኖ ተቀመጠ።

«ወንዙ ፊታችሁ ነው» አለች ሚስቱ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እሺ በቅሎ፣ ምን ታደርጊያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ሌሎቹን ሲጠይቅ ኖሯል፣ እሱን ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። እጁ በልማድ ወደ መደርደሪያው ተዘረጋ። በመኖው ማሟያ መሠረት የተጫነች በቅሎ እንዲህ ያለ ወንዝ ከገባች ትሰጥማለች፣ ሠንጠረዡን በቃሉ ይወጣዋል። ካልገባች ምንም አትሆንም፤ ዳር ቆማ ሣር እየጋጠች ሌሎቹ ሲሄዱ ታያለች። ያቺ ጥንቁቅ በቅሎ ማንን እንደምትመስል ለማወቅ ሊቅነት አላስፈለገውም። ፊቱ ፍም መሰለ። እጁን መለሰ።

«እገባለሁ» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ቀጥኖ ወጣ።

ሚስቱ ትንሽ አየችውና አስገባችው። ውሃው ከበቅሎዋ ሆድ ደረሰ፣ ከአንገቷ ደረሰ፣ ከዚያ ጎርፉ አንከባልሎ ወሰዳት፤ አሁን የሚታየው ጆሮዋ ብቻ ነው አለች። ጭነቱ ተፈትቶ ድንጋዮቹ መካከል ተሰነቀረና መረማመጃ ሠራ። ፈጥናችሁ ከረገጣችሁበት ማዶ ናችሁ፣ በቅሎዋን እንከተል ካላችሁ ግን ውሃው መረማመጃውንም ይወስደዋል ብላ ምርጫውን ለወንድሟና ለነርሷ ተወችላቸው። አንቀጽ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ይኸው ለአንድ ቀን እንኳ ረባሁ፣ በሉ በደኅና ተሻገሩ አለ በልቡ።

ሾፌሩ ግን ከወንበሩ ተነሥቷል። የብረት ልብሴን አውልቄ ጥያለሁ፣ ገብቻለሁ፣ በጆሮዋ ይዣታለሁ አለ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ነርሷ ገመድ አለኝ ብላ ከዳር ሆና ወረወረችለት። ሚስቱ እጇን አነሣችና፣ ወራት ሙሉ ስትጠብቀው የኖርከው መሻገሪያ እኮ እየሄደ ነው፣ ዛሬ ካልተሻገርን በቃ ያልከው አንተ ነህ፣ ጋሼ አለችው።

«ይሂዳ» አለ ሾፌሩ። ወደ አንቀጽ ዞሮ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አንተን ጎርፍ ወስዶህ እኔ ማዶ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?»

ጎተቷት። በቅሎዋ ተርፋ እዚያው የተነሡበት ዳር ላይ ወጣች፤ መረማመጃው ተጠርጎ ሄደ፣ ወንዙም እንደሞላ ቀረ። ሾፌሩ እውነት የራሰ ይመስል እጁን አራግፎ ተቀመጠ፤ ነርሷ የበቅሎዋን እግር ላየው ብላ ወንበሯን ወደ አንቀጽ አስጠጋች። እሱም እግሩን ዘረጋላት። ደንብ የጠየቀው ማንም አልነበረም። ለመሄድ የተነሣም አልነበረም።