ዲስኩ የሚደናቀፍበት ቦታ

የመሪጌታ ወልደማርያም ኮምፒውተር አመሉ ልዩ ነበር። በነፋስ መውጫ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ሲታመም እንደ ሰው ነው፤ አንዱ አልነሳ ይላል፣ አንዱ ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል። የእሳቸው ግን ደኅና ሲሠራ ይቆይና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። የጥገና ባለሙያዋ ሰሚራ ይህን ከሰማች ጀምሮ ነገሩ ከልቧ አልወጣ ስላላት፣ ሱቋን ዘግታ ቤታቸው ድረስ መጣች።

«ከቤት ይውጣ አትበዪኝ እንጂ እንደፈለግሽ አድርጊው» አሏት መሪጌታ።

አልተሳሳቱም። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው በቤተ ልሔም ድጓ ያስተማሯቸው የየኔታ ገብረ ሥላሴ ድምፅ ነው። የኔታ አምና አርፈዋል፤ ሌላ ቅጂ የለም።

«እኔ እንደሆንሁ አርጅቻለሁ፤ የየኔታን የዜማ አጣጣል እየዘነጋሁት ነው። ይህ ከጠፋ ምን ይዤ አስተምራለሁ?»

«እስኪ ይክፈቱትና ልስማው» አለች ሰሚራ፤ ጆሮዋንም ሳጥኑ ላይ ለጠፈች። ቁም ዜማው ቀስ ብሎ፣ ተዝናንቶ ፈሰሰ። ዝማሜው ሲጀመር ግን ሳጥኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ አለና የየኔታ ድምፅ ተቆረጠ።

«ዲስኩ እዚያ ቦታ ላይ ተጭሯል» አለች ወዲያው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ሰሚራም ቸኩላለች። ለማንኛውም ብላ ኬብሉን ቀየረችው።

በመሀሉ መሪጌታ ለፍትሐት ተጠርተው ሄዱ። ሰሚራ ምስር ከሚለቅሙት ከባለቤታቸው ከእትዬ ታደለች ጋር ቀረችና ቅጂውን እንደገና ከፈተችው። ዝማሜው መጣ፤ አለፈ። ደገመችው፤ አሁንም አለፈ። የተጫረ ቦታ እንዴት ብሎ ይድናል? ደንበኞቿን ሁሉ «መጀመሪያ ቅጂ አስቀሩ» እያለች የምትቆጣው ሴት፣ ግርምቱ ይዟት ራሷ መቅዳቱን ረሳችው።

መሪጌታ ተመልሰው «ዳነ?» ብለው በደስታ ሲከፍቱት፣ እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ! ይባስ ብሎ አሁን የመፋቅ ድምፅ ተጨመረበት። ሰሚራ ቅጂ ማስቀረት እንደነበረባት ትዝ ያላት ይኼኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

«እሳቸውን ሲያይ ይደነግጥ ይሆን እንዴ?» አሉ እትዬ ታደለች።

ሰሚራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ቀረ፤ እውነትም የሚደናቀፈው እሳቸው ሲኖሩ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን አጠፋችው።

«መሪጌታ፣ እሱ ይረፍ። እስኪ እርስዎ ራስዎ ያዚሙልኝ።»

ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ ሰውየውን ማየት ጀመረች። ቁም ዜማውን ተቀምጠው አዜሙት። ዝማሜው ላይ ሲደርሱ ግን መቀመጥ የት ይቻላል! ብድግ አሉ፤ መቋሚያቸው ግራና ቀኝ ተወዛወዘና የጣውላውን ወለል ድም አደረገው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የውሃ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ኮምፒውተሩም ያለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ይብቃዎት!» ብላ ጮኸች። «ዲስኩ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ከላዩ ደግሞ ልትነካው ምንም ያልቀራት መርፌ። ከየኔታ ጋር አብረው እያዜሙ ወለሉን ሲመቱት መርፌዋ ሳህኑን ትመታዋለች።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አዩት።

«የኔታን ስመታቸው የኖርሁ እኔ ነኝ በዪኛ» አሉ።

ሰሚራ ሳጥኑን አንስታ ከማይነቃነቀው የጭቃ መደብ ላይ አኖረችው። መቋሚያውን ተቀብላ ጭኗ ላይ አጋደመችና «እስኪያልቅ ማንም እንዳይራመድ» አለች። ፍላሽ ሰካችና ቅጂው ወደዚያው መፍሰስ ጀመረ። መሪጌታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብረው እንደ ተማሪ ቁጭ አሉ። መሀል ላይ ዲስኩ እንደ ልማዱ አንገራገረ፤ እንቢ ያለውን ቦታ አስዘለለችውና የቀረውን ወሰደች።

«ተርፏል» አለች በመጨረሻ። «ጥቂት ቦታ ግን ባዶ ነው።»

«የቱ ጋ?»

ልትነግራቸው ከበዳት። «ዝማሜው ላይ።»

ሰሚራ ፍላሹን ላፕቶፗ ላይ ሰካችና መቋሚያውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። «ፍላሹ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም። አሁን እንደፈለጉ ይምቱ።»

የየኔታ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ዝማሜው ሲጀመር መሪጌታ ተነሡ። ጥቂት እንደ ሄዱ ድምፁ ጠፋ፤ ቀጭ የሚል እንኳ የለም፣ ዝም ብቻ።

መሪጌታ ግን አልቆሙም። ብቻቸውን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማውን ይዘውት ሄዱ፤ መቋሚያቸውም መውደቅ ባለበት ላይ ይወድቃል። የእትዬ ታደለች እጅ ምስሩ ላይ ቀረ። የየኔታ ድምፅ ከዝምታው ወጥቶ ሲመለስ፣ መምህርና ተማሪ አንድ ቃል ላይ ነበሩ።