ሐ ሣጥን ውስጥ የገባው ፈቃድ

አስካለማርያም በመሥሪያ ቤቱ ብቸኛዋ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበረች። ብቸኛ መሆኗ ድሮ ያስከብራት ነበር፤ በ1976 ነሐሴ ግን ወገቧን ቆረጠው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ በር ያለው ቢሮ ሁሉ ሪፖርት ይጽፋል፤ ስለተጻፈው ሪፖርትም ሌላ ሪፖርት ይጠየቃል፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ወረቀት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በአንዲት ሴት ጣቶች ላይ ነበር። ሙቀቱን ተዉት። ቀትር ላይ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲተኛና ጫት ሲቅም፣ እሷ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትጽፋለች።

ኃላፊው ጓድ ጉግሳ ክፉ ሰው አልነበሩም። አዲስ አበባ ለአሥር ቀን ሴሚናር ሄደው «የሥራ ቅደም ተከተል» የሚባል ነገር ተምረው መጡ። አናጺ አስጠርተው ሦስት ክዳን የሌላቸው ሣጥኖች አሠሩና ከጠረጴዛዋ ላይ ደረደሩላት። ሀ በጣም አስቸኳይ፣ ለ አስቸኳይ፣ ሐ ደግሞ የግለሰብ ጉዳይና ሌላ ሌላው። ሀ ሳያልቅ ለ አይነካም፤ ለ ሳያልቅ ሐ አይነካም።

«ከእንግዲህ ግራ መጋባት የለም ጓድ አስካለ» አሏት ሣጥኖቹን መታ መታ እያደረጉ። «የቱን ላስቀድም ብለሽ አትጨነቂም።»

ዘዴው መጥፎ አልነበረም። መጥፎው ሰዉ ነው። በሁለተኛው ቀን ለ ባዶውን ቀረ፤ ወረቀቱን ለ ውስጥ ጥሎ የሚሄድ ሞኝ ከየት ይመጣል? ሒሳብ ክፍሉም፣ ንብረት ክፍሉም፣ የውይይት ክበቡም ሀ ውስጥ እየወረወሩ ሄዱ። የስፖርት ኮሚቴው እንኳ የማሊያ ጥያቄውን «በጣም አስቸኳይ» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ አሥምሮበት ሀ ላይ ቆለለው። አስካለ ከሥር እየሳበች ብትጽፍ ከላይ ይጨመራል። ሐ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች አቧራ መልበስ ጀመሩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሂርሲ መጣ። ሂርሲ የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ አባቷ በሕይወት ሳሉ ሚኤሶ ጣቢያ አብረው ሠርተዋል። ቆቡን አወለቀና ከደጃፉ ላይ ቆመ።

«አቦ አስካለ፣ ወንድምሽ ሚኤሶ ላይ መስኮቴ ድረስ መጥቶ ላከኝ። እናትሽ ታማለች። ቶሎ ትምጣ አለ።»

«በጣም ነው?»

«ወላሂ እኔ አላየኋትም፤ ባቡሩ ብዙም አልቆመም። ግን የልጁን ፊት አየሁት። ሂጂ፣ አትቆዪ።»

እናቷ እማማ አሰገደች ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በሽታ ሲነካቸው የሚደብቁ እንጂ ሰው ልከው የሚያስጠሩ ሴት አልነበሩም። ሚኤሶ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ባቡሩ ሲያዘግም እንኳ ግማሽ ቀን ነው። ግን በዚያ ዘመን ሰው ብድግ ብሎ ከከተማ አይወጣም። ባቡር ለመሳፈር ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ቀበሌ ደግሞ የመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ካላየ ይለፍ አይሰጥም። የፈቃዱም ደብዳቤ በእጅ ከተጻፈ ጓድ ጉግሳ አይፈርሙበትም፤ በጽሕፈት መኪና፣ በሁለት ቅጂ መሆን አለበት።

ጸሐፊዋ ደግሞ ራሷ ነች። ወረቀቱን ማስገባት፣ አምስት መስመር መምታት፣ ማስፈረም፤ ያ ብቻ ነበር የቀራት።

ወረቀትና ካርቦን አነሣች። ከዚያ እጇ ቆመ። ቀና ስትል በግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከቢዮ አዋሌ ገጠር የመጣችው ፋዱማ ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ስትመላለስ ሳምንቷ ነው፤ ወረቀቷ ሐ ውስጥ ነው። እነዚህን ሁሉ «ተራችሁን ጠብቁ» እያለች የመለሰች ሴት የራሷን አስቀድማ ስትጽፍ ምን ይባላል? «መኪናዋን ይዛ የቤቷን ጉዳይ ትጨርሳለች» ቢሏትስ? አስካለ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሟ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። ማመልከቻውን በእጇ ጻፈችና ሐ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እሱም አልበቃትም፤ ከሁሉም ሥር ከተተችው።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ቱሪያ አየቻት።

«አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ? እናትሽ ታማ የምን ሐ ነው?»

«ሀ ነገ ያልቃል። ቅዳሜ እሳፈራለሁ።»

«እዚህ ቤት ያለቀ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አስካለ ከሀ ቀጣዩን ወረቀት ሳበች። ቱሪያ ከንፈሯን መጠጠችና ወደ መዝገቧ ተመለሰች።

ዓርብ ሀ አላለቀም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ እሱንም የበዓሉ ኮሚቴ የሰልፍ ዝርዝር በላው። እሑድ የቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ነበር፤ መጥረጊያ ይዛ ከሰው ጋር ተሰልፋ ደቻቱ ወንዝ ዳር ስትጠርግ ዋለች። ለመጸለይ እንኳ ጉልበት አጣች። ሰኞ ስትገባ ሀ ከዓርቡ ይበልጥ ከፍ ብሎ ጠበቃት። ጣቶቿ አብጠዋል፣ ዓይኗ ፊደል ከፊደል መለየት አቅቶታል። የሚገርመው ድካሙ አሳቧን ገፋላት፤ እየጻፈች ሳለ እናቷን የምትረሳበት ሰዓት ነበር። ሲታወሳት ታፍርና ይበልጥ ትቸኩላለች፤ ስትቸኩል ትሳሳታለች፤ የተሳሳተውን ገጽ እንደገና ሀ ብላ ትጀምራለች። ማክሰኞም እንዲሁ መሸ።

ረቡዕ ጠዋት ሂርሲ ተመልሶ መጣ። ሲያያት ደነገጠ።

«እንዴ! አልሄድሽም?»

«ሥራ…» ብላ ጀመረች።

«ትናንት ሳልፍ ወንድምሽ ባቡሩን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ ፈለገሽ። በየመስኮቱ እያየ። ምን ልበለው? ‹ትመጣለች› አልኩት። ዋሸሁ አቦ።»

ሂርሲ ቆቡን ደፍቶ ሄደ። አስካለ ሀን ወደ ጎን ገፋችው፤ ጥቂት ወረቀቶች መሬት ላይ ወደቁ፤ አላነሣቻቸውም። ከሐ ሥር የራሷን አወጣች። ፋዱማን ቀና ብላ ለማየት አፈረች።

«እናቴ ታማብኝ ነው» አለቻት አንገቷን ደፍታ። «የእኔን ላስቀድም።»

«ሱብሃነላህ! እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር?» አለች ፋዱማ። «እኛን ነው? እኛ እኮ እናውቃለን። እናት አለን።»

አምስቱን መስመር መታች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ የፈጀው አራት ደቂቃ ነው። ይዛ ወደ ጓድ ጉግሳ ገባች። እሳቸውም ቆመው አነበቡት፤ ቆመው ፈረሙበት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ! የት ነበር ይሄ ወረቀት?»

«ሐ ውስጥ።»

«ይሄ እኮ ሀ ነው፣ አስካለ» አሏት ቀስ ብለው። «ጓድ» ማለቱን ረሱት። «ይሄ ሀ ካልሆነ ምን ሀ ይሆናል?»

ይለፉን በዚያው ቀን አገኘች። ሐሙስ በጠዋቱ ባቡር ተሳፈረች። ገና ከመቀመጧ እንቅልፍ ጣላትና ኤረር ጣቢያን ሳታየው አለፈች። ሚኤሶ ስትወርድ ወንድሟ ወልደ ማርያም ጣቢያው ላይ ነበር፤ ከሐሙስ እስከ ሐሙስ አንድ ባቡር አላመለጠውም። የልቅሶ ልብስ እንዳልለበሰ ስታይ በደስታ ወደ እሱ ሮጠች።

«አለች?»

«አለች» አላት። «ነይ።»

እማማ አሰገደች አልጋቸው ላይ ናቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል። አስካለ ተንበርክካ እጃቸውን ሳመች፣ ግንባራቸውን ሳመች፣ «እማዬ፣ መጣሁ፣ አስካለ ነኝ» አለች። ዓይናቸው ፊቷ ላይ ቆየ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣቸውም። ደግማ ጠራቻቸው። ከንፈራቸው ደግሞ ተንቀሳቀሰ።

«ማክሰኞ ማታ ነው አንደበቷ የተያዘ» አለ ወልደ ማርያም ከኋላዋ። «እስከዚያ ድረስ ደህና ትናገር ነበር። ‹ለአስካለ የምነግራት አለኝ› ትላለች። ‹ለእኔ ንገሪኝ፣ እነግርልሻለሁ› ስላት፣ ‹አይሆንም፣ ለእሷ ነው› አለችኝ።»

አስካለ ዞር ብላ አላየችውም። የእናቷን ከንፈር ታያለች፤ ከዚያ የምታነበው አንዳች ነገር እንዳለ ሁሉ ጠጋ አለች።

ወንድሟን አሳዘነችው። ሊያጽናናት ብሎ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

«ምን ታደርጊ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው» አላት።

«አይደለም» አለች አስካለ። «አራት ደቂቃ ነበር።»