እርጉዞችን «አንተ» ያለው ሳጥን

ሳጥኑ እርጉዞቹን ሁሉ «አንተ» አላቸው።

ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በብሎጉ ቀኝ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ሳጥን ነው። የመውለጃ ቀን ያሰላል ተብሎ ነበር የገባው። ሰኞ ጠዋት ግን ሴቱ ሁሉ እየተቀባበለ ይስቅበት ነበር። ገጹን የከፈተችን ነፍሰ ጡር በሙሉ «እንኳን ደስ አለህ!» ብሎ ይቀበላታል፤ ቀጥሎ ምንም ሳያፍር «የመጨረሻ የወር አበባህ መቼ ነበር?» ይላታል፤ ቀኑን ስታስገባለት ደግሞ ትንሽ አሰብ አድርጎ «አሥራ አራተኛ ሳምንትህ ነው፤ ጡትህ ሊያብጥ ይችላል፤ አትደንግጥ» ሲል ያጽናናታል። ከሥሩ አርባ ሦስት አስተያየት ተደርድሯል። አንዷ፣ ባሏ ለጨዋታ ሞልቶት ከስድስት ወር በኋላ ትወልዳለህ ስለተባለ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከባድ ዕቃ አላነሣም ማለቱን ጽፋለች።

ጥፋቱ የልጅቱ ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አምና በኮምፒውተር ሳይንስ ስለተመረቀች ቤተሰቡ «ኢንጂነር» ይላታል፤ አንዳንዴ ለሙገሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልሠራ ሲል። ለነፍሰ ጡሮች ምክር የሚወጣበት ይህ ብሎግ የእናቷ ነው፤ የሠራችውም የምታስተዳድረውም ግን እሷ ናት። ቅዳሜ ዕለት እናቷ «ቀን የሚቆጥር ነገር አስገቢልኝ» ስትላት፣ ዊጄት የሚሉትን የተዘጋጀ ሳጥን ከአንድ ድረ ገጽ ላይ አገኘች፤ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን መረጠች፤ ኮዱን ቀድታ ከእናቷ ፎቶግራፍና ከአዋላጆች ማኅበር ባጅ መሀል ለጠፈችው። ሳጥኑ ቦታውን መያዙን፣ ፎቶግራፉን አለመግፋቱን አየችና ላፕቶፑን ከደነች። የሚለውን አላነበበችም። ማንበብ ጊዜ ይበላል፤ እሷ ደግሞ ጊዜዋን የሚበላ ነገር አትወድም።

እናቷ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነበረች። ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ ብሎጉን የሚያነቡትም «ሲስተር» ነው የሚሏት። ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ትሠራበት ከነበረው ጤና ጣቢያ የተደወለላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠችው ለመጠየቅ። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት። የነፍሰ ጡሮች መከታተያ ካርድ እንደገና ሊታተም ነው፤ የእናቶች ክፍል ኃላፊዋ ዶክተር በካርዱ ጀርባ የብሎጉን አድራሻ ብናወጣውስ ብላ አስባለች። ሰኞ በስድስት ሰዓት ስብሰባ አለ፤ ገጹ ግድግዳ ላይ በርቶ ይታያል፤ ከተስማሙ ካርዱ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል። የሚታተመው በሦስት ዓመት አንዴ ነው። እናት ይህን ሰምታ ደስ አለኝም አላለች፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት እንኳ ስትገባ ስልኳን ይዛ ነበር።

ነገሩ የታወቀው በዚያው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያወቁትም ከአክስቷ ነው። አክስት የእናት ታናሽ ናት፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስትጽፍ የኖረች፣ ሳምንቱን እረፍት ወስዳ ሥራ የፈታች። በሩን ከፍታ ስትገባ ስልኳን ወደ ላይ አንሥታ፣ ሳቋ እያፈናት፣ «እትዬ፣ እንኳን ደስ አለህ» አለች።

ልጅቱ ገጹን ከፍታ አየችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ቅንብሩን ከፈተች። ተመስገን፣ ሳጥኑ የራስን ጽሑፍ ማስገቢያ አለው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው አለች፤ ለእናቷም እንደዚያው ነገረቻት። ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብላ ጻፈች።

«“ሽ”ን አጥፊው» አለች እናቷ ከኋላዋ ቆማ።

«“ሽ” ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«የማላውቃትን ሴት “አንቺ” አልላትም።»

ልጅቱ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። «እርስዎ» የባንክ ደብዳቤ እንደሚመስል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «የወር አበባዎ» ስትባል አያቷ የተጠየቁ እንደሚመስላት ተናገረች። አክስት በመሀል ገብታ «የወር አበባዎ» ሳይሆን «የወር አበባዎት» ነው የሚባለው አለች። በዎና በዎት ላይ ሁለቱ እህትማማቾች ሩብ ሰዓት ፈጁ። አክስት በዚሁ ከቀጠልን «የተከበሩ ነፍሰ ጡር» ብሎ መጀመር ነው፣ ከታች ግልባጭ ለባለቤትዎ ማለትም አይቀር ብላ ራሷ በራሷ ቀልድ ሳቀች። እናት ግን አልሳቀችም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለችን ሴት ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም «አንቺ» እንደሚላት፣ አንቺ ግፊ፣ አንቺ ዝም በይ፣ እሷ ብቻ «ትንሽ ይግፉ፣ እየጨረሱ ነው» ስትል ወጣቶቹ ነርሶች ከመጋረጃው ጀርባ ይሣሣቁባት እንደነበር አወራች። ልጅቱ ይህን ወሬ በቃሏ ታውቀዋለች።

«እግሯን ከፍታ ተኝታ የቀራት ክብር እሱ ብቻ ነው» አለች እናት። «እሱንም ልንሣት?»

ልጅቱ ከጠባይዋ ውጭ ቶሎ ተረታች። እሺ፣ እርስዎ ይሁን አለች። ሳጥኑን አስተካክላ፣ ሦስት ጊዜ ቃል በቃል አንብባ አስቀመጠችው። ከአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። እንዲህ ፈጥና የተረታችው አክብሮት ገብቷት አይደለም፤ ስለ አንቺና ስለ እርስዎ የሚወራው ወሬ ባስቸኳይ እንዲዘጋ ስለፈለገች ነው። ላፕቶፑን ልትከድን ስትል አክስት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ገጹን በስልኳ ወደ ታች እየሳበች ነበር።

«ታዲያ ጽሑፉ ራሱ “አንቺ” አይደል እንዴ የሚለው?» አለች። ጮክ ብላም አነበበች። «“ምጥ ሲጀምርሽ አትደንግጪ፤ ሻንጣሽን በር አጠገብ አስቀምጪ።”»

እናት ወደ ልጅቱ ዞረች።

ከሁለት ዓመት በፊት እናት በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋ የሰጠቻት የመጀመሪያው ወረቀት «ምጥ ሲጀምርዎ አይደንግጡ፤ ሻንጣዎን በር አጠገብ ያስቀምጡ» ይል ነበር። ልጅቱ ያኔ ተማሪ ናት። እንዳለ ተየበችውና መልሳ ስታየው የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ መሰላት። ወደ አንቺ ለወጠችው። ሁለተኛውንም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ገና ከወረቀቱ ስታነብ ጣቷ ራሱ ይለውጠው ጀመር። እነግራታለሁ እያለች ስድሳ አራት ጽሑፍ ሆነ። እናት እንደሆነች የስክሪኑ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፣ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ ብላ አንድም ቀን ገጹን አንብባው አታውቅም፤ አስተያየቶቹን ብቻ ልጅቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላታለች።

እናት መነጽሯን አድርጋ ከእህቷ እጅ ስልኩን ተቀበለች። ረጅም ጊዜ ወደ ታች ሳበች።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ። ቃሉ ሁሉ ያንቺ ነው። እኔ የቀየርኩት መጨረሻውን ብቻ ነው።»

«መጨረሻውን ብቻ» አለች አክስት ለጣሪያው።

ልጅቱ መከላከል ጀመረች። አስተያየቶቹን አወጣች። እንደ ታላቅ እህቴ ነው የምታናግረኝ ያለችውን አነበበች፤ እናቴ ብትኖር እንዲህ ነበር የምትለኝ ያለችውንም። ሴቶቹ የወደዱት ይህንን ነው አለች፤ ይኸውልሽ፣ በየቀኑ ተመልሰው ይመጣሉ። እናት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሰማቻት። እንግዲያው የወደዷት ሴትዮ እኔ አይደለሁም፣ ፎቶግራፉ ግን የኔ ነው አለች። ቀጥላም እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ወደነበረበት እንዲመለስ አዘዘች።

አይመለስም። ልጅቱ ይህን ለማስረዳት ያላትን ትዕግሥት ሁሉ አሟጠጠች። ማሽኑ አንድን ቃል ፈልጎ በሌላ ይተካል፤ ግን «አንቺ» የሚለው ቃል በስድሳ አራቱም ጽሑፍ ውስጥ ያለው አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ሌላው አንቺ በየግሡ ጭራ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለየብቻ ካልሆነ አይነቀልም። እናት አልገባትም። አክስት ደግሞ እኛ መሥሪያ ቤት በአንድ ቁልፍ ነው የምንቀይረው አለች። ልጅቱ እልህ ያዛት፤ እንግዲያው እዩት ብላ በአንዱ ጽሑፍ ላይ «ሽ»ን ሁሉ በ«ዎ» ተካችና ላፕቶፑን ወደ እነሱ አዞረችው። አክስት አነበበች፤

«“ምዎት ላይ ዎንት ዎንት ቢልዎ አትጨነቂ፤ በዎታ አይደለም።”»

አክስት ትራሱን አፏ ላይ ይዛ ተንፈራፈረች። ልጅቱም ሳቅ አመለጣት። እናት ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው፤ ሳቁ በዚያው ደረቀ።

ልጅቱ የተካችውን ወደነበረበት መልሳ አንዱን ጽሑፍ በእጅ ማረም ጀመረች። ትጠጫለሽ፣ ይጠጣሉ። ተኚ፣ ይተኙ። ሲያምሽ፣ ሲያምዎ። አንዱ ጽሑፍ አርባ ደቂቃ ወሰደ። ቀና ስትል አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ስድሳ ሦስት ይቀራል። ካርዱ ይታተም፣ እኔ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም እጨርሰዋለሁ አለች። ስብሰባው ላይ ማንም አያስተውለውም። ዶክተሯ ራሷ አምና የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች፤ አንድ ቃል አላለችም።

ማረጋጊያ መስሏት ነው የተናገረችው።

«ዶክተሯ በኔ ስም “አንቺ” ስትባል ከርማለች ማለት ነው?»

«እማዬ፣ ማንም አልተቀየመም።»

«ያ ሳጥን ይሻላል» አለች እናት። «እሱ ሳያውቅ ነው።»

በዚህ ጊዜ የልጅቱ ትዕግሥት አለቀ። ከመንገድ የመጣ ሳጥን ከሷ በለጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ፈተና ሳይቀር እያለባት፣ በየጊዜው ያንን ወረቀት ስትተይብ፣ ፎቶ ስትፈልግ፣ የሴቶቹን ጥያቄ ስታመላልስ የኖረችው እሷ ናት። ላፕቶፑን ወደ ፊት ገፋችው።

«እኔ ባልቀይረው ኖሮ አንድም ሰው አያነብሽም ነበር።»

አክስት ከሶፋው ተነሥታ ተቀመጠች። «ኧረ ተይ፣ አንቺ ልጅ» አለች በቀስታ።

እናት መነጽሯን አወለቀች። ወደ መኝታ ክፍል ገባች። የቁም ሣጥን ሲከፈት፣ መሳቢያ ሲሳብ ተሰማ። ስትመለስ የውጭ ጫማዋን አድርጋለች፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉትን ስድሳ አራት ወረቀቶች በትልቅ ፖስታ ከትታ ብብቷ ሥር ይዛለች። ወዴት እንደሆነ አክስት ጠየቀቻት። ወደ ስብሰባው ነው። አድራሻው ካርዱ ላይ እንዳይወጣ ራሷ ትነግራቸዋለች፤ ወረቀቶቹን ካነበቡና ከፈለጉ አባዝተው ለሴቶቹ ይስጡ፤ ካልፈለጉም የራሳቸው ጉዳይ ነው።

«በስልክ ንገሪያታ» አለች አክስት።

«ዶክተሯን ይቅርታ መጠየቅም አለብኝ። እሱ በስልክ አይሆንም።»

ልጅቱ አፏ ላይ የመጣላት ቁጥር ብቻ ሆነ። ሦስት ዓመት እኮ ነው አለች። ካርዱ ሦስት ዓመት ተመልሶ አይታተምም፤ ያኔ ዶክተሯ ትኑር፣ ብሎጉ ይኑር፣ ማን ያውቃል። ለአንድ ፊደል ብለሽ ነው ወይ። ወንበሯን ስባ በበሩና በጠረጴዛው መሀል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ቁጭ አለች፤ እንደ ልጅነቷ፣ መሄጃ ላለመስጠት።

እናት ፊቷ ቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ከሥራ ቦታ ሰው ጋር የምትነጋገር ነበር የምትመስለው።

«ይቅርታ» አለቻት፣ «ያሳልፉኝ።»

ልጅቱ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ «እርስዎ» ብላት አታውቅም። ብድግ ማለቷን ያወቀችው ወንበሩ ሲንኳኳ ነው። ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እናት ፖስታውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረች፤ አልፋት ወጣች፤ በሩንም እጀታውን እስከ መጨረሻው ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።