«አጠገቧ ትልቅ ሰው አለ?»

ጓድ ወልደሰማያት ስብሰባ ይወዳል። ጅማ ያለው የቡና መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከመጣ ወዲህ መከራዋን የምታየው ስልከኛዋ ዙቤይዳ ናት። በቡና ወቅት ከአጋሮና ከሰቃ የሚደወለው ሁሉ ወደ ግዥ ክፍል ይተላለፍ አለ፤ ግዥ ክፍል ሰው ከሌለ ወደ ምክትሉ፤ ምክትሉ ሻይ ከወጣ ወደ መጋዘን። እሱ ስብሰባ ላይ ሳለ ማንም እንዳያገኘው፤ ከበላይ አካል ከሆነ ግን ስብሰባው ይቋረጥ። በማግስቱ ያንን ሽሮ ሌላ ያወጣል። ዙቤይዳ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ስትሰካ ትውላለች።

ማንም ያላዘዘው አንድ ደንብም ነበራት። ፈይሳ የሚባለው መዛኝ የእናቱን ሞት በስልክ ሰምቶ ሚዛኑ ላይ ከወደቀ በኋላ፣ ከመጋዘን ኃላፊው ከሐጂ ቲጃኒ ጋር ተማክረው ያወጡት ነው። ደዋዩ «አጠገቡ ትልቅ ሰው አለ?» ብሎ ከጠየቀ መርዶ መሆኑ ይገባትና ጥሪውን በቀጥታ ወደ ሐጂ ታዞረዋለች። ሐጂም ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ይውላሉ፤ በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በኋላ ሰው አስከትለው ሄደው ያረዳሉ። እስከዚያ ባለሐዘኑ ሲሳሳቅ ቢውል እንኳ ማንም ፊቱን አይለውጥበትም።

እሷን በስልክ የሚፈልግ ግን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ውላ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለችው ክፍሏ ስትገባ «እንዴት ዋልሽ» የሚላት የለም። እናት አባቷ ካለፉ ቆይተዋል። ያላት አንድ ወንድም ነው፤ ሙሐመድሳኒ፣ ቡና ጭኖ አሰብ የሚመላለስ ሾፌር። ናዝሬት ሲደርስ ይደውልላታል። «በልተሻል?» ይላታል፤ ሌላ ወሬም የለው። ለዚያች ጥያቄ ስትል ወሩን ትገፋዋለች። አሁን ግን ከሄደ ሰነበተ፤ አልደወለም። ከናዝሬት በተደወለ ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ የሚፈለገው ግን ሁልጊዜ ግዥ ክፍል ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከናዝሬት ተደወለ።

«ሃሎ! ጅማ ነው? ዙቤይዳ የምትባል እዚያ ትሠራለች?»

የወንድሟ ድምፅ አይደለም። ቢሆንም የተጠራው ስሟ ነውና ደስ አላት። «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ስትከፍት ሰውየው ቀደማት።

«እሷን እንዳታቀርቢያት! የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት፣ ታውቂያት ይሆናል። እኔ የወንድሟ ባልደረባ ነኝ። እኅቴ፣ አጠገቧ ትልቅ ሰው አለ?»

ጸሐፊ! ሙሐመድሳኒ ለጓደኞቹ ሲያወራላቸው ከፍ ከፍ አድርጓት ኖሯል። ሰውየው የሚያነጋግረው ራሷን መሆኑን በምን ይወቅ?

ልትጠይቀው ትችል ነበር። ሞተ ወይስ ተጎዳ? አንዲት ቃል ብቻ። ነገር ግን ከጠየቀች መስማቷ ነው፤ ከሰማች ደግሞ እዚያው፣ በባዶ ክፍል፣ ብቻዋን ነው። ፈይሳ እንኳ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው ነበረው።

«አለ» አለች፤ የድምፅዋ መርጋት ራሷን ገረማት። «ይጠብቁ፣ ሐጂ ቲጃኒን አገናኝዎታለሁ።»

ገመዱን ሰካችና ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰረቅ አድርጋ ታዳምጥ ነበር፤ ስልከኛ አይደለች? ዛሬ ግን ፈራች።

ሐጂ ቲጃኒ ቆየት ብለው መጡ። ወደ እሷ ክፍል የሚያመጣ ጉዳይ ኖሯቸው አያውቅም። በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ያ ኢንተላ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ «ያ ስልክ፣ ልጄ፣ የጆንያ ነገር ነው። ጆንያ ጎደለ ነው የሚሉት።»

ያገናኘቻቸው እሷ መሆኗን ያውቃሉ። እሷም ማወቃቸውን ታውቃለች። ግን ይህን ደንብ ያወጡት አብረው ነው።

«እሺ ሐጂ» አለች። «ጆንያው ይገኛል፣ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ።» ዓይኗን ማየት አልቻሉም። «ዛሬ በጊዜ ግቢ። ለጓድ እኔ እነግርልሻለሁ።»

«ከአጋሮ የሚደውሉ አሉ፤ ማን ያገናኛቸዋል?» አለችና እስከ መውጫ ሰዓት ስትሰካና ስትነቅል ዋለች።

ማታ ቤቷን ጠረገች። ጎረቤቷ ሐጂራ ዘንድ ሄዳም ምንጣፍ ተዋሰች።

«እንግዳ ሊመጣብሽ ነው?»

«አዎ።»

«እሰይ! አንቺም ሰው ልታዪ ነው!» አለች ሐጂራ ከልቧ ደስ ብሏት።

ምንጣፉን አንጥፋ ተቀመጠች። መርዶ ሳትረዳ ማልቀስ በወንድሟ ላይ ማሟረት መሰላት። ማን ያውቃል፣ ቆስሎም እንደሆነ? እንዲህ እያለች ነጋ።

ከሱብሒ በኋላ ኮቴ ሰማች። እስኪያንኳኩ አልጠበቀችም፤ ከፈተችላቸው። ሐጂ ቲጃኒ ከፊት፣ ፈይሳና የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከኋላ፤ ጓድ ወልደሰማያት ሳይቀር ጋቢ ለብሶ ቆሟል። ደጇ ላይ ይህን ያህል ሰው አይታ አታውቅም። ሁሉንም ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሐጂ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ ጤናዋን ጠየቁ፣ ስለ አላህ ፈቃድ ተናገሩ፣ የአሰብ መንገድ ክፉ ነው አሉ። ዙቤይዳ የሐጂን ጋቢ ጫፍ ያዘች።

«ሐጂ፣ ቶሎ ይንገሩኝ» አለች፤ «ላለቅስለት ስጠብቅ ነው ያደርኩት።»