ሲጎትቱት የሚበራ

ትንሹ ሞተር ጎማውን ለጠጠው፤ በላዩ ያለው ፈሳሽ በራ። ጎማው ላላ፤ ጨለመ። መጋረጃው በተዘጋው ላቦራቶሪ ውስጥ ለተመራማሪዋ ከጥፍር የማይበልጠው ያ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ይታያታል።

ጎማው ላይ የተጣበቁት ሕዋሳት የእናቷ ናቸው። ለምርመራ ከተወሰደው የጭን ሥጋ ላይ ቆንጥራ ያመጣቻቸው ራሷ ናት፤ ለማንም አልተናገረችም። በእናቷ ሰውነት ውስጥ አንድ ኢንዛይም ሥራውን ትቶ ተኝቷል። ሐኪሞቹ «ፍጹም እረፍት» ብለው አልጋ ላይ ካዋሏት ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶባት እግሯን ማንቀሳቀስ አቅቷታል።

«ኢንዛይምም እንደ ሰው ነው» ይሉ ነበር አለቃዋ፣ ሁልጊዜ «ቀስ በሉ» ስለሚሉ ተማሪዎቻቸው በዚሁ ቃል የሚጠሯቸው ሽማግሌ። «አንዳንዱ ካልጎተቱት አይሠራም። ስትለጥጪው የተጣጠፈው ይከፈታል፤ ያኔ ሥራ ይጀምራል።» ያኔ ቀልድ መስሏት ስቃለች። አሁን ግን ኢንዛይሙ ሲሠራ ብቻ የሚበራው ፈሳሽ ዓይኗ እያየ በራ! እሰይ አለች ብቻዋን፤ እንባዋ መጣ።

ስልኩ ጠራ። አልጋው አጠገብ የምትውለው ታላቅ እህቷ ናት።

«የእማዬ እግር እየተንቀሳቀሰ ነው! ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም። ሳብ... ለቀቅ። ሳብ... ለቀቅ።»

ጎማውን አየችው። ሲሳብ ይበራል፤ ሲለቀቅ ይጨልማል፤ ከእህቷ ቃል ጋር እኩል። ሆስፒታሉ እኮ ከተማው ማዶ ነው! አበድኩ እንዴ፣ አለች በልቧ። ለማረጋገጥ ሞተሩን አጠፋችው።

«ቆመ» አለች እህቷ። ወዲያው ጮኸች፦ «ኧረ ትንፋሿም ቆመ! ኧረ እማዬን!»

ጣቷ ማብሪያውን ስቶ ስቶ አገኘው። ሞተሩ አጓራ፤ ጎማው ተሳበ።

«ተነፈሰች... ተመስገን። ምን ጉድ ነው እቴ?»

ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በሩ ተከፈተና አለቃዋ ብቅ አሉ። «ውጪ ልጄ፤ መስመር ሊጠግኑ ነው፣ መብራት አሁን ይ...»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ። ሞተሩ እየዘገመ ሄዶ ቆመ።

ጎማውን የሸፈነውን ክዳን ነቅላ ወረወረችው። የጎማውን ሁለት ጫፎች በጣቶቿ ያዘችና ሳበች። በራ። ለቀቀች። ሳበች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አሁን አይጠይቁኝ ጋሼ። የምስብበትን ምት ብቻ ይዩልኝ። እጄ ሲዝል እርስዎ ይቀበሉኛል።»

ሽማግሌው ብርሃኑን አዩ፤ ከስልኩ የሚመጣውን የእህቲቱን ድምፅ አዳመጡ። ሳብ... ለቀቅ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

«ቀስ በይ» አሏት።