ሬናቶ የጠቆማቸው ሦስቱ

ግርማይ እያነከሰ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ገታ አደረጉ። የብርኽቲ ባል፣ ጣሊያናዊው አሰልጣኝ ሬናቶ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዘመኑ 1975። መገናኛ አጠገብ ባለው ግቢያቸው እሷ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣለች፤ ለቀስተኛው ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። ፈረንጅ ሆኖ ሰዉን እንዴት ወደደው ይላሉ። በመውደዱ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም። በአገሩ የሁለተኛ ዲቪዚዮን እግር ኳስ አማካይ ነበር። በሃያ ሰባት ዓመቱ ጉልበቱ ሲሰበር አሰልጣኙ ሆስፒታል ሄዶ እንኳ ሳይጠይቀው ማሊያውን በማግሥቱ ለሌላ ሰጠ። ሬናቶ ይህን ሲያወራ ቂም አልነበረውም፤ አሰልጣኝ ማለት እሱ ነው ይል ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ መጣ፣ የፋብሪካ ቡድን ያዘ፣ እሷን አገባ።

ግርማይ በዚያ ቡድን አማካይ ነበር። ከፍራሹ አጠገብ ተቀመጠና፣

«እትዬ ብርኽቲ፣ እንደሳቸው የማያዳላ ሰው አላየሁም» አላት። «በስልሳ ዘጠኝ ቀበሌው ለሚሊሺያ ሦስት ተጫዋች ስጥ አላቸው። አሰለፉንና በጣታቸው ጠቆሙ። እኔን፣ ኤርሳዶን፣ ዓንዶምን።»

ዓንዶም ታናሽ ወንድሟ ነው። ከመንገድ አፈሱት ብሎ የነገራት ሬናቶ ራሱ ነበር። አብሯት ከቀበሌ ቀበሌ ዞሮ ፈልጎላታል። የሞቱ ወሬ ከምሥራቅ ግንባር ሲመጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ለአብዮቱ ለወደቀ አይለቀስም አለ፤ ድንኳን አልተተከለም። ስታለቅስ ድምፅዋ እንዳይሰማ መስኮቱን የዘጋው ሬናቶ ነው።

«ሬናቶ ጠቆመው?» አለች።

«የሚስቴ ወንድም አላሉም። ዓንዶምን በሜዳዬ ዘመድ የለኝም አሉት።» የሚያጽናናት መስሎታል። «ግንባር ላይ እግሬን ስመታ ጠልቻቸው ነበር። አሁን እኔም አሰልጣኝ ነኝ፤ ገባኝ።»

«እህቴን ልሰናበታት አላለም?»

«ብሎ ነበር። ልምምዱ አላለቀም አሉት። መኪናው እስኪመጣ አሠሩን።»

ብርኽቲ አላለቀሰችም። ከበር ላይ የአዲስ ለቀስተኞች ጩኸት ተሰማ። ተነሣች፤ የሐዘንተኛውን ፍራሽ ትታ አግዳሚው ላይ ከእንግዶቹ መካከል ተቀመጠች። እያለቀሱ የገቡት ሴቶች ባዶው ፍራሽ ፊት ሲደርሱ ማንን እንደሚያጽናኑ ግራ ገባቸውና ቆሙ።

ብርኽቲ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።